ሁሉን ያዩት ጋሽ ጴጥሮስ እና የተሰፋው ክንድ

ሰው በታመመበት ሁሉ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርስ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። እሱ የማያውቀው በሽታ ገና አልተፈጠረም። የሆሳዕናው እንዲህ ያለ ጠያቂ ጋሽ ጴጥሮስ ነበሩ።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት የወፍጮ ቤቱን አክሊሉን ወፍጮውን የሚያዞረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ቀኝ ክንዱን ያዘውና ቆዳውን ከክርኑ እስከ እጁ አንጓ ገፈፈው። አጥንቱ ተረፈ፤ ጅማቱ ግን ራቁቱን ቀረ። የሚሲዮኑ ፈረንጅ ሐኪም ከአክሊሉ ሆድ ላይ ቆዳ ከነስቡ አነሳና፣ አንዱን ጫፍ ከሆዱ ሳይቆርጥ ሌላውን ክንዱ ላይ ሰፋው። ክንዱ ሆዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር አሳምነው የሐኪሙን ቃል ተረጎመለት። «ሃያ አንድ ቀን እንዲህ ትቆያለህ። ቆዳው ከክንድህ ደም ማግኘት ሲጀምር ከሆድህ እንቆርጠዋለን። እስከዚያ አንዴ ከመነጨቅከው ቆዳውም ይሞታል፣ አንተም ወፍጮህን ትረሳታለህ።»

አክሊሉን ላብ ሲያጠምቀው ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ጎንበስ ብለው ስፌቱን መረመሩ።

«ይሄን እኔ አይቻለሁ» አሉ። «አንጋጫ ላይ። አንድ ሰውዬን ልክ እንዳንተ ነው የሰፉት።»

«ተሻለው?»

«ሞተ።» የአክሊሉን ፊት አዩና፣ «በስፌቱ እንኳ አይደለም። በቅሎ ረግጣው ነው።»

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀሩም። ጠዋት ጠዋት የቡላ ገንፎ ይዘው ይመጣሉ፤ ግማሹን ለአክሊሉ ያጎርሱታል፣ ግማሹን ራሳቸው ይጨርሱታል። አሳምነው ፋሻ ሲጠቀልል ያርሙታል። አንድ ቀን ሐኪሙን ራሱን ያዙት።

«ይሄ የሆድ ቆዳ ነው። ልጁ ሲወፍር ክንዱም አብሮ ይወፍራል፤ አስበህበታል?»

አሳምነው እያፈረ ተረጎመ። ሐኪሙ ግን ሳቀና፣ «እውነታቸውን ነው» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው። አክሊሉ ሚስቱን ገነቴን፣ «ቁስሉስ ይሁን፤ እሳቸውን የሚያስቀርልኝ መርፌ የለም ወይ?» አላት።

በአሥራ አንደኛው ቀን የገነቴ አባት ከዶዮገና መጡ። ዝናብ የመታቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው እጃቸውን ዘርግተው ገቡ። አማቱ ሲገባ ተኝቶ የሚጠብቅ አማች ደግሞ በዚያ አገር አልተወለደም። አክሊሉ ሐኪሙንም ሃያ አንዱን ቀንም ረሳ። እግሩን ከአልጋው አወረደና ቀኝ እጁን ሊሰጥ ተነሳ። ስፌቱ ሲሳብ ተሰማው።

ጋሽ ጴጥሮስ ከወንበራቸው ተወርውረው ክንዱን ከሆዱ ጋር ጥፍንግ አድርገው ያዙት። ገንፎው ተደፋ።

«ተኛ፣ አንተ» አሉ ቀስ ብለው፣ መልሰው እያስተኙት።

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄን የዳርኩለት ተኝቶ ሊቀበለኝ ነው?»

ጋሽ ጴጥሮስ ዞረው የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ትከሻቸውንም ሳሙ። «አባቴ፣ የሱ እጅ ሆዱ ላይ ተሰፍቷል። እስኪፈታ ድረስ እጁ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ጴጥሮስ ወንበራቸውን በሩ ላይ አደረጉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሎች ስድስት ሆነው ሲመጡ ስድስቱንም እሳቸው ጨበጡ። ቸር መሰንበታቸውንም እሳቸው ጠየቁ፤ አክሊሉ ከአልጋው አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል።

ሃያ አንድ ቀን ሞላና ቆዳው ከሆዱ ተቆረጠ። በማግስቱ አሳምነው ፋሻውን ሲፈታ ቆዳው ሙቀት ነበረው፣ ቀለሙም የደህና ሰው ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ አሳምነውን ማረም ትተው ቆዳውን ብቻ አዩ። አክሊሉ ይሄን ነው አይቶ የማያውቀው።

«የአንጋጫው ሰውዬም እንዲህ ነበር?» አላቸው።

ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን አዟዟሩ። «የአንጋጫው ሰውዬ እንኳ… ፈጽሞ አልነበረም» አሉ። «እንዲህ የሆንከው አንተ ብቻ እንዳይመስልህ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ገደሉት?»

«ከአፌ አምልጦኝ ነው። በቅሎዋን ያመጣኋት ስፌቱን እንዳትፈራ ብዬ ነው።»

አክሊሉ እየሳቀ የደነዘዘ እጁን ዘረጋላቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ለመጨበጥ ፈሩ፤ ከሥር በመዳፋቸው ብቻ ደገፉት።

አሁን ክንዱ እንዳሉት ወፍሯል። ገበያ በዋለ ቁጥር ጋሽ ጴጥሮስ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ለሚያስፈጨው ሁሉ፣ «የሆድ ቆዳ ክንድ ላይ ሲበቅል እኔ አይቻለሁ» ይላሉ። አክሊሉም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው እጅጌውን ይሰበስብላቸዋል። ይሄንንስ እውነትም አይተዋል።