ለሴት ልጅ የሚሆን ቀስት

ሳይጠየቁ የሚመክሩ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? የእኔው ጎረቤቴ ናቸው። ፈረንሳይ ሄጄ አጋዘን የማድንበት ባለመዘውር ቀስት ልገዛ ስነሳ፣ ጋሼ ተክላይ ከሰፈራችን ከሙርዋይክ ሮተርዳም ያለው ቀስት መሸጫ ድረስ ተከትለውኝ መጡ። ቀስት ነክተው አያውቁም፤ ቪዲዮ ግን አይተዋል።

«ለሴት ልጅ ቀላሉን ስጣት» አሉት ሻጩን። ከዚያ «የወንዱ ይሄ ነው» ብለው ከባዱን አነሱና ሳቡ። ደም ሥራቸው ተገተረ፤ አገር የሚጎትቱ መሰሉ። ገመዱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ተቀብያቸው እስከ ጉንጬ ሳብኩት። አሥራ ስምንት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ግዙፍ ግዙፍ ሽማግሌ ከአልጋ ሲያነሳ የኖረ ክንድ ነዋ!

«ይከብድሻል እኮ!» አሉኝ እያለከለኩ።

ወደ ሻጩ ዞርኩ። «ይሄን ለእኔ ጠቅልልልኝ። ቀላሉን ለጋሼ አሳያቸው።»