ክብርት መርማሪ በልጄ ክፍል

በየቤተሰቡ አንድ መዶሻ የማይጨብጥ፣ ግን ሚስማሩ የት መመታት እንዳለበት ከመቺው በላይ የሚያውቅ ሰው አለ። የሌለበት ቤት ካለ ንገሩኝ፣ ነገ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ። ይህ ሰው ቀለም አይቀባም፤ ሲቀባ ያያል። ጣውላ አይሸከምም፤ ተሸካሚው እንዴት መራመድ እንዳለበት ያርማል። ደግሞ ዳር ይዞ አይቀመጥም። በሩ መሀል ላይ ነው የሚቆመው፣ ሸሽተህ እንዳትወጣ።

በእኛ ቤት ይህ ሰው የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ባለቤቴ እትዬ ትላታለች፣ እኔም እትዬ እላታለሁ። በልቤ ግን ክብርት መርማሪ ናት። ይህን ማዕረጓን ገና አሁን ማውጣቴ ነው። ሰው ፊት መናገር አልሆን ብሎኝ ነው የኖርኩት። ፊደል የለየሁትም ትልቅ ሰው ሆኜ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ። ግን ተናድጃለሁ። ንዴት ደግሞ ሆድ ውስጥ ሲከርም ሌላ በሽታ ነው የሚሆነው።

ክብርት መርማሪ ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች። ሥራዋ አንድ ነበር። ጨርቁ መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ እየተሳበ ሲያልፍ እንከን መፈለግ። የተበጠሰ ክር፣ የላላ ክር፣ የዘይት ጠብታ። ስታገኝ በጠመኔ ታሰምርበታለች። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት እንከን ፈልጋ ደመወዝ የበላች ሰው ጡረታ ስትወጣ ምን ትሆናለች? ጨርቁ ቀረ፤ ዓይኗ ግን አብሯት ወጣ። ጠመኔውም ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አሁን ጨርቁ እኛ ነን።

ነገሩ የጀመረው በልጄ ክፍል ነው። ሚጡ ነው የምንላት፤ አምስት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ከእኛ ጋር ነው የምትተኛው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ እየገፋ ነው። የሚመጣው ሕፃን የሚጡን ቦታ ይፈልጋል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ብናወጣት እሱ ያባረራት ይመስላታል፣ ዕድሜ ልኳን ቂም ትይዝበታለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እሱ ሳይመጣ በፊት የራሷ ክፍል ኖሯት፣ ወድዳው፣ መተኛት መልመድ አለባት። ዕቃ የምናጭቅበትን ጠባብ ክፍል ባዶ አደረግኩት። በገዛ እጄ ልሠራላት ለራሴ ቃል ገባሁ። የጣውላ መጋዘን ተሸካሚ ነኝ፤ እንጨትን በትከሻዬ ነው የማውቀው፤ ሌላ የምሰጣት ነገርም ብዙ የለኝም።

ክብርትነቷ ወሬውን በሰማች በማግስቱ በሩ ላይ ቆመች።

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን...» አለች።

ይህችን «ግን» ልብ በሉልኝ። ከእሷ በኋላ የሚመጣው ነገር ሰዓት አይበቃውም። እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ሰማያዊ ቀለም ሐኪም ቤት ያስመስለዋል። በቢጫ ደግሜ ቀባሁት። እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ቢጫ ልጅቷን ጉበቷ የታመመ ያስመስላታል። ስለ ሦስተኛው ቀለም ገና ቆርቆሮውን ሳልከፍት ሽታው ልክ አይደለም አለች። እኔ ታዲያ ምን እላለሁ? «እሺ እትዬ» እላለሁ። ከዚያ ሥራ ቦታ ሄጄ ጣውላ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ብቻዬን ስከራከር እውላለሁ። አንድ ቀን ጮክ ብዬ «አይሆንም!» ስል አለቃዬ የከለከለውን ዕቃ የጫንኩ መስሎት ሮጦ መጣ።

ቀለሙ ይሁን፣ ቀለም ይደርቃል። ያንገበገበኝ የሲባጎው ነገር ነው። ሜትር ላይ ያሉት ደቃቅ ቁጥሮች ያምታቱኛል፤ አልጋውን የሚሠራልኝ አናጢ ፊት ላለማፈር ብዬ ክፍሉን በሲባጎ ነው የለካሁት። አንድ ቋጠሮ የአልጋው ርዝመት፣ ሁለት ቋጠሮ ወርዱ፣ ሦስት ቋጠሮ የመስኮቱ ከፍታ። አናጢውና እኔ በዚህ ስንግባባ ዓመታችን ነው። ያን ሲባጎ ሚስማር ላይ አንጠልጥዬው ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ክብርት መርማሪ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈትታ፣ በሳሙና አጥባ፣ እንደ ኳስ ጠቅልላ ጠበቀችኝ። ምን የመሰለ ሲባጎ በቋጠሮ ተበላሽቶ፣ ቆሽሾ አገኘሁት አለችኝ። ምስጋና እየጠበቀች ነበር። አመሰገንኳት። አመሰገንኳት ስላችሁ!

ደግሜ እንዳልለካ ክፍሉ ውስጥ መርማሪዋ ቆማለች። እሷ ግን ምን ችግር አለ፣ ክንድ አለኝ አይደል ብላ በራሷ ክንድ ለክታ፣ አናጢው ዘንድ በራሷ እግር ሄዳ፣ ርዝመቱ ሦስት ክንድ ከስንዝር፣ ወርዱ ሁለት ክንድ ብላ አዘዘች። አናጢው ደግሞ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው። በራሱ ክንድ ለክቶ ሠራው። ይህን አናጢ ባታውቁት ነው፤ ቆሞ ጉልበቱን ሳይጎነበስ የሚያክ ሰው ነው። አልጋው ሲመጣ ለሁለት ጎልማሳ ይበቃ ነበር። ጎትተን ስናስገባው በሩ አልዘጋ አለ። አናጢው አልጋውን አየ፣ የእሷን ክንድ አየ፣ የራሱን ክንድ አየ። እሷ ግን አልጋውን ዞር ዞር ብላ አይታ ብይን ሰጠች።

«አልጋው ልክ ነው፤ ክፍሉ ነው ያጠረው።»

ደሜ ፈላ። ምን አደረግኩ? መጋዝ አነሳሁ። ሦስት ቀን ከሥራ መልስ አልጋውን ሳሳጥር፣ ሳጠብብ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ሰነበትኩ። ከተረፈው እንጨት ደግሞ ሚጡ ቆማ የምትደርስበት አንድ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ሠራሁ። ማንም ሳያሳየኝ የሠራሁት ነው። ማዕዘኑን አለስልሼ ጣቴን ደጋግሜ አሳለፍኩበት፤ የሚቧጥጥ ነገር የለውም። ለማንም አላወራሁም፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስመጣ ሚጡ ክፍሉ መሀል ቆማ አገኘኋት። ግድግዳው ላይ፣ አልጋው ላይ፣ የበሩ መቃን ላይ የጠመኔ ምልክት። ኤክስ፣ ኤክስ፣ ኤክስ። ቀለም የወረደበት ቦታ አንድ፣ ሚስማር የጎበጠበት ቦታ አንድ። አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። መደርደሪያዬ ላይ ብቻ ሦስት። ሚጡ መዋዕለ ሕፃናት ከገባች ወዲህ ኤክስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ሁሉንም ተሳሳትክ?»

እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ጥያቄ ስሸሽ ነው የኖርኩት። ቅጽ ሙላ ሲሉኝ መነጽሬን ረስቼ መጣሁ እያልኩ፣ መነጽር ሳይኖረኝ። አሁን ልጄ፣ በገዛ ቤቴ፣ ለእሷ በሠራሁት ነገር ፊት ጠየቀችኝ።

ክብርት መርማሪ ከወጥ ቤት ጠመኔዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ገና «እኔ ምን...» ስትል አቋረጥኳት።

«እትዬ፣ ይሄ የልጄ ክፍል ነው፤ ጨርቅ አይደለም። ይብቃሽ።»

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። ጮኼም አልነበረም። እሷ ግን ቆመች። ጠመኔውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ቦርሳውን ዘጋች፣ ጥላዋን አነሳች።

«እኔ ምን አገባኝ» አለች። «ግን» አልተከተለም። ወጣች።

ባለቤቴ የሰማች እንደሆነ አላውቅም ነበር። ራት ላይ ምግቧን እያየች፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ እሷ ናት እኮ ያሳደገችኝ፣ አለች። እኔ ግን ገና ተናድጄ ነበር። ልክ ነበርኩ። አሁንም ልክ ነበርኩ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የእኔ ሆነ። ኤክሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። ግድግዳውን ያችን ሦስተኛ ቀለም፣ ፈካ ያለች አረንጓዴ ቀባሁት፤ ሽታም አልነበራትም። ወፍራም ፍራሽ፣ ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ እግሯ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ እንዳይረግጥ ምንጣፍ፣ ለመጫወቻዎቿ ካርቶን። መጋረጃ ሰቀልኩ። ክፍሉ ሞቀ። ሚጡ ቀን ቀን ገብታ አሻንጉሊቶቿን በመደርደሪያው ላይ ትደረድራለች። ተኚ ሲሏት ግን ተነስታ ወደ እኛ ክፍል ትሄዳለች። ከምሳ በኋላ እንኳን ጋደም አትልም። ምን ሆነሽ ነው ስላት፣ እዚህ ማንም አያወራም አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ላወራላት ነበር። «ሚጡዬ» አልኩ። «ክፍልሽ ያምራል» አልኩ። ከዚያ አለቀብኝ። ግድግዳው፣ እኔ፣ እሷ፣ ሦስታችንም ዝም አልን። ትንሽ ቆይታ እጄን ዳበስ አደረገችኝና ሄደች፣ ያፈርኩ መስሏት። አፍሬም ነበር። ጤና ጣቢያ ደግሞ ለባለቤቴ ከአሁን ወዲያ በማንኛውም ቀን ሊሆን ይችላል ብለዋታል። አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ሚጡ አንዴም አልተኛችበትም።

ማን ያወራል እንግዲህ? ዓለም ላይ ሳያቋርጥ የሚያወራ የማውቀው ሰው አንድ ነው። ይህን ሳስበው እንደገና ተናደድኩ። ከጣውላው ክርክር ሁሉ ይህኛው ባሰ፣ ምክንያቱም ከራሴ ጋር ነበር።

እሁድ ከምሳ በኋላ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ሳላንኳኳ ትንሽ ቆምኩ፤ የምለውን እየደረደርኩ። ስገባ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አድርጋለች፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው። ልወጣ ስል ነው የመጣኸው አለችኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም። ጎረቤቷ ግን ኋላ ለባለቤቴ እንደነገረቻት፣ እነዚያን ቀናት ሁሉ እንደዚያው ጫማዋን አድርጋ ስትቀመጥ ነው የሰነበተችው።

የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «እትዬ፣ ልጅቷ እምቢ አለች» አልኩ።

«ምን ብላ?»

«ማንም አያወራም ብላ።»

ጥላዋን አነሳች።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴን ስማ፣ ሆዷን ዳብሳ፣ ቀጥታ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳሟሽ እሷ ቀና ብላ መጋረጃውን አየች።

«ዘንጉ ዘሟል። ውጣ።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። ዘንጉን ከነመጋረጃው በሁለት እጄ ወደ ላይ ያዝኩ። እሷ ፍራሹን ልፈትሽ ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ እግሯን ሰቅላ ግድግዳውን ተደገፈች። ጀመረች። የመጋረጃው ጠርዝ ስፌቱ ሁለት ዓይነት ክር ነው። የበሩ ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል። ቀለሙ ከጥግ በኩል አንዴ ብቻ ነው የተቀባው። ብርድ ልብሱ ሲታጠብ ይሸበሸባል። ድምጿ አይወጣም፣ አይወርድም፤ ጨርቅ በጠረጴዛ ላይ ሲሳብ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ንዴቴ ከእግሬ ተነስቶ ጭንቅላቴ ደረሰ። ለዚህ ነው ወይ ሄጄ የለመንኳት?

ሚጡ በሩ ላይ መጣች። ትንሽ ሰማች። ገባች፣ አልጋው ላይ ወጣች፣ ጭንቅላቷን አክስቷ ጭን ላይ ጣል አደረገች። አክስቷ ስለ ፍራሹ ውፍረት እየተናገረች ነበር፤ አላቋረጠችም፣ እጇ ብቻ ወደ ልጅቷ ፀጉር ሄደ። ወደ ምንጣፉ ስትደርስ የሚጡ ዓይን ከደን አለ። ወደ መስኮቱ ስትደርስ አፏ ተከፈተ። በገዛ ክፍሏ፣ በገዛ አልጋዋ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ባለቤቴን ልጠራ ዞር አልኩ። ክብርት መርማሪ ጣቷን አነሳችብኝ።

«ዝም በል አንተ» አለች በሹክሹክታ፤ «በወሬህ ልጅቷን ትቀሰቅሳታለህ።»

እኔን ነው። ክፍሉ ውስጥ ከገባን ጀምሮ አንዲት ቃል ያልወጣኝን ሰውዬ። ከዚያ በሹክሹክታ ወደ ጣሪያው አለፈች።

ክንዴ ዝሏል፣ ንዴቴም እንዳለ ነው። ልጄ እስክትነቃ ግን ከዚያ ወንበር አልወረድኩም። ስወርድ ወንበሩ ይንቋቋል፤ ከተንቋቋ እትዬ ዞር ትላለች፤ ዞር ካለች ደግሞ ወሬዋን ታቆማለች።