አፏን የምትከፍተው ተማሪ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ልጅ መያዝና ልጅ ማስተማር የሚለያዩት የቱ ጋ ነው? ጎረቤቴ አቶ ግዛው ያውቅ ነበር። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ግምጃ ቤት ስለሚሠራ ሁሉን ነገር በየመደርደሪያው መለየት ይወዳል። እናት የሌላትን የአራት ዓመት ልጁን አልማዝን ቀን ቀን የሚይዙለት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ።

አንድ ቀን፣ «ማብላትና ንፍጥ መጥረግ ይበቃል፤ ትምህርት ቤት ትገባለች» አላቸው።

«አሳድጌያት የለም እንዴ፣ ግዛው?» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«አሳደጉ እንጂ አላስተማሩም።»

ልጅቷን ሊያስመዘግብ ሲወስዳት፣ እኔም ምን ቸገረኝ፣ አብሬ ሄድኩ። አስተማሪው «ቁጠሪ» ቢሏት ዝም። አባቷ ቢቆጣ ዝም። ድንገት የዕቃ ባቡር በመስኮቱ ትይዩ ማለፍ ጀመረ። አልማዝ «አንድ» አለችና አፏን ከፈተች። «ሁለት» አለችና ደግማ ከፈተች። አሥራ አራቱንም ፉርጎ እንዲህ ቆጠረች!

«አፏን ምን ሆና ነው?» አሉ አስተማሪው።

«ጉርሻ እየጠበቀች ነዋ!» አልኩ። እትዬ ብዙነሽ ልጅቷ አልበላም ስትላቸው፣ በደጃቸው የሚያልፈውን ባቡር ፉርጎ እያስቆጠሩ ነበር የሚያጎርሷት።

ግዛው ልጁን አቅፎ እትዬ ብዙነሽ በር ላይ ቆመ።

«መልሼ አመጣኋት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ግን እኮ ከአሥራ አራት አታልፍም።»

«ታዲያ የባቡር ሰው አንተ አይደለህ?» አሉት ልጅቷን እየተቀበሉ። «ፉርጎውን አስጨምርላታ!»