የመጨረሻዋ ሳትወጣ

የዋና ውድድርን እንደ ጋሽ ሰይድ የሚያይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ የቆቦ ከተማ ሰዎች ሰው ጎርፍ ሲሻገር የመጨረሻው ሳይወጣ ከዳር አንሄድም። ጋሽ ሰይድ ይህን ሕግ ኦሊምፒክ ላይም አውጀውታል።

በሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን አሸናፊዋ እጇን ስታነሳ ባለቤቱ ጣቢያ ሊቀይር ሪሞቱን አነሳ።

«ኧረ በአላህ አንተ! ያቺ ልጅ ገና ውሃ ውስጥ ናት!»

«ውድድሩ አለቀ እኮ ጋሼ፤ እሷ መጨረሻ ናት።»

«መጨረሻ ብትሆንስ፣ እናት የላትም?»

ሪሞቱ ወረደ። ቤቱ በሙሉ «አይዞሽ፣ ደረስሽ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ሻይ ለማዘዝ እንኳ የማፍረው እኔም ጮኽኩ። ልጅቷ ግድግዳውን ስትነካ ጋሽ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» ብለው የቀዘቀዘ ሻያቸውን ጨለጡ።

ወዲያው አንድ የባጃጅ ሹፌር ገባና «ማን አሸነፈ?» አለ።

ጋሽ ሰይድ ግንባራቸውን እየጠረጉ መለሱለት፦ «ሁሉም በሰላም ወጥተዋል።»