የመኪና ቁልፍ ለመጠየቅ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው ሚኒባስ ውስጥ ለምን እንደሚጸልይ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የምኖረው ሱሉልታ፣ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። በየቀኑ የእንጦጦን ጀርባ እየወጣሁ እወርዳለሁ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ልምድ አለኝ። ዳገቱ ላይ ሁሉም ስልኩን ይነካካል። ወደ አዲሱ ገበያ መውረድ ስንጀምር ግን አንዷ ታማትባለች፣ አንዱ ቢስሚላህ ይላል፣ ሌላው የፊቱን ወንበር ጨምድዶ ይይዛል። ሹፌሩን ግን ማንም ምንም አይለውም።

ይገርማል እኮ። ፈጣሪ ሰማይ ላይ ነው። ሹፌሩ እጃችንን ብንዘረጋ የምንነካው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ታዲያ “ቀስ በል” የምትለዋን ትንሽ ቃል ቅርብ ያለውን አልፈን ሩቅ ላለው የምንልካት ምን ሆነን ነው? ይሉኝታ ነዋ! ሙያውን የናቅንበት ይመስለዋል። ፈሪ እንባላለን። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ደፍራ፣ ወንድሜ ልጆች አሉኝ አለችው። ሹፌሩ በመስታወት አየት አደረጋትና እሱም ልጆች እንዳሉት ነገራት። ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ ያፈጠጠው ግን እሷ ላይ ነው፤ ሰላማችንን የነሳችው እሷ እንደሆነች ሁሉ።

የሚኒባሱስ ይሁን፤ ሹፌሩ ባዳ ነው፣ ወርደን እንለያያለን። ሹፌሩ የሚስትህ አባት ሲሆን ምን ታደርጋለህ?

የባለቤቴ የሌንሴ አባት ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በጎጃም መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዐባይ በረሃን ስንቴ ወርደው እንደወጡ እሳቸውም አያውቁትም። አንድም ቀን ሰው አልጎዱም። ጡረታ ሲወጡ አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና ገዙ፤ ሌንሴ እናታችን ከሞተች በኋላ አባቴ ያገባት እሷን ነው ትላለች። ቤተሰቡ ወዴትም ሲሄድ የሚነዱት እሳቸው ናቸው። እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ በእሳቸው ፊት ግን መንጃ ፈቃድ አለኝ ማለት ቄስ ፊት ዳዊት ደግሜያለሁ ብሎ እንደመኩራራት ነው፤ ዝም እላለሁ።

ችግሩ ዐይናቸው ነው። መጀመሪያ የነቃነው በበጋው መጨረሻ ላይ ነው። ከቤታችን ወረድ ብሎ ዳር ላይ ጥቁር የውሃ ሮቶ ተቀምጧል። ኦቦ ገመቹ መኪናዋን አቆሙና ጥሩምባ ነፉ። ሮቶው አልተነሳም። ደግመው ነፉ። ቀጥለው በኦሮምኛ የላሚቱን ባለቤት ወቀሱ፤ ሰው ከብቱን እንዴት መንገድ ላይ ይለቃል ብለው። እኛ ከኋላ ተቀምጠን የላሚቱን ባለቤት አብረን ወቀስን። ቤት ገብተን ሳቅን። ሮቶ ላም ሲመስል ማንም አይሞትም። ሳምንት ሳይሞላው ግን እውነተኛ ላም ሮቶ መሰለቻቸው፤ ፍሬን የያዙት የላሚቱ ትንፋሽ መስታወቱን ካላበው በኋላ ነው። ያን ቀን ቤት ስንገባ የሳቀ የለም።

ይህ በሆነ ማግስት የሌንሴ ታላቅ እህት ፉሪ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናው አርባ ቀኑ የሚሞላበት እሑድ ይሁን ተባለ። ኦቦ ገመቹ ልጆቼንና የልጅ ልጆቼን ጭኜ እሄዳለሁ አሉ። ከሱሉልታ ፉሪ ማለት እንጦጦን መውረድ፣ ከተማውን ማቋረጥ፣ ደግሞ የፉሪን ዳገት መውጣት ነው። ክረምት ነው። ጭጋግ አለ። ከኋላ የሚጫኑት ደግሞ ሁለቱ ልጆቼ ናቸው። እንቅልፍ አጣሁ።

ማን ይንገራቸው? ሌንሴ ልጅ ነኝ፣ አባቴን እንዴት ዐይንህ ጠፋ እለዋለሁ አለች። እኔ አማች ነኝ። መጨረሻ ላይ ሌንሴ ራሷ ዘዴ አመጣች። እኔን ለአንተ የጠየቁት ሽማግሌዎች አይደሉም እንዴ? ቁልፉንም ሽማግሌ ይጠይቅ አለች።

የኦቦ ገመቹን ሁለት የጥንት የሥራ ባልደረቦች ለመንኩ። ሀጂ ሰይድ ቡራዩ ላይ መለዋወጫ ይሸጣሉ። ጋሽ ማሞ ሰበታ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ሽንኩርትና ጎመን ይተክላሉ። ሁለቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው ሐሙስ ከሰዓት መጡ። ኦቦ ገመቹ አካም ጅርቱ እያሉ በደስታ ተቀበሏቸው። ተቀመጡ ቢሏቸው እንቢ አሉ። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ብለው ቆሙ።

ሽማግሌ ቆሞ አልቀመጥም ሲል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ኦቦ ገመቹ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸው ኮስተር አለ። የመጨረሻዋ ልጄ ገና ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ አልድርም አሉ። ሀጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቷን ፈልገን አልመጣንም፣ መኪናዋን ነው አሉ።

ጋሽ ማሞ እንደ ወጉ አሳምረው ተናገሩ። መኪናዋ በአንተ እጅ በክብር ኖራለች፣ አሁን ግን ዐይንም ይደክማል፣ ቁልፏን ለልጅህ ባል ስጥልን አሉ። ኦቦ ገመቹ ወለሉን እያዩ ቆዩ። አሳዘኑኝ፤ ምነው ባልላክሁ አልኩ። ከዚያ ቀና ብለው በረጋ ድምፅ መልስ ሰጡ። ሽማግሌ ተልኮ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ እኔም እንደ አባቶቼ ልምከርበት፣ ከክርስትናው በኋላ ተመለሱ አሉ።

አያችሁልኝ? ወጉን ጠብቄ ላኩ፤ ወጉን ጠብቀው መለሱኝ። እሑድ እንዳለ ቀረ። ሽማግሌዎቹም ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋልና ተቀምጠው በሉ።

ሊሄዱ ሲነሱ ዝናቡ ወረደ። ታክሲ የለም። ኦቦ ገመቹ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። እንግዳ በዝናብ አይሸኝም፣ አዲሱ ገበያ ድረስ አደርሳችኋለሁ አሉ። ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። አሁን እንቢ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሀጂ ሰይድ ጋሽ ማሞን አዩ። ጋሽ ማሞ ጫማቸውን አዩ። ከዚያ ዐይንህ ደክሟልና ቁልፍህን አስረክብ ሲሉ የዋሉት ሁለት ሰዎች አላህ ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥህ እያሉ ገቡ። እኔስ? እኔም ገባሁ። ሽማግሌ ልኬ ብቻቸውን እንዴት ልስደዳቸው?

ከላይ ስንደርስ ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ባሕር ዛፉ እንኳ አይታይም። በመኪናዋ ውስጥ የሚሰማው የዝናብ መጥረጊያውና የጸሎት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ሀጂ ሰይድ ከፊት፣ ጋሽ ማሞ ከኔ ጎን፣ ሁለቱም በየእምነታቸው ተያይዘውታል። እኔ ልጆቼን እያሰብኩ የበሩን እጀታ ይዣለሁ። “ያቁሙ” የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ፈርቼ ነበር፤ ከገደሉ ይልቅ ግን ኦቦ ገመቹን ማስቀየሙን እንደፈራሁ ሳውቅ በራሴ ተናደድኩ።

ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ኦቦ ገመቹ ዳር ይዘው አቆሙ። መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርገው ተዉት።

“ሰይድ” አሉ፣ “ምንድን ነው የምታንሾካሹከው?”

“ዱዓ ነው።”

“ፈርተህ ነው?”

ሀጂ ሰይድ ወደ መስኮቱ ዞሩ። “አዎ” አሉ።

“ታዲያ ለምን ገባህ?”

“ቅር እንዳይልህ ብዬ ነዋ።”

“እኔ ቅር እንዳይለኝ ልትሞት?”

ሀጂ ሰይድ ነገሩን አሰቡበት። “እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ገመቹ” አሉ።

ኦቦ ገመቹ ግንባራቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የሚስቁ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲሉ ግን ዐይናቸው እርጥብ ነው። ነጩን መስመር ካዩት መክረሙን ያኔ ነገሩን። መንገዱን የሚነዱት በቃላቸው እንደሆነ፣ ኩርባው ሁሉ እጃቸው ውስጥ እንዳለ፣ ላምና ሰው ግን በቃል እንደማይያዝ። ሰው ሁሉ ዝም ሲላቸው ገና አልባሰብኝም ብለው እንደተጽናኑም ነገሩን። እናንተ የምትናገሩ ሰዎች ብትሆኑ ኖሮ እስከ ዛሬ አልነዳም ነበር አሉ። ከዚያ ወርደው በዝናቡ ውስጥ ዞረው መጡና በሬን ከፈቱ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ቀጠሮውን አልጠበቁም።

እሑድ ፉሪ የሄድነው እኔ እየነዳሁ ነው። ልጆቼ ከኋላ፣ ኦቦ ገመቹ ከጎኔ። ሕፃኑ በሰላም ክርስትና ተነሣ፤ ያውም በአያቱ ስም። እኔ ግን አልተነሣሁም፤ ተቀበርኩ። እኚህ ሰው መሪውን ሲያስረክቡ ይሉኝታቸውንም አብረው አስረክበዋል። ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር “ሱታ፣ ሱታ” ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ማርሽ ቀንስ። ፍሬኑን አታድክመው። አሁን ወደ ግራ ይታጠፋል። ጭጋግ ውስጥ እኔ ያላየሁትን ኩርባ እሳቸው አስቀድመው ይነግሩኛል። ትክክል ናቸው፤ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው። ሌንሴ ከኋላ ሆና ትስቃለች።

ሰኞ ጠዋት ሀጂ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ጋሽ ማሞን ይዘው አንዴ ቢመጡልኝ፣ ሌላ ሽምግልና አለኝ አልኳቸው።

“ደግሞ ምን እንጠይቅልህ?” አሉኝ።

ኦቦ ገመቹ ከኋላ እንዲቀመጡ ለምኑልኝ አልኩ። ሀጂ ሰይድ ከልባቸው ሳቁ፤ ቀላል ነው፣ እንመጣለን አሉ። ቀጥለው ስንጨርስ ማን ይመልሰናል ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኛ፣ ራሴ እየነዳሁ አዲሱ ገበያ አደርሳችኋለሁ አልኩ።

ሳቁ ቆመ።

“እንግዲያው” አሉ ሀጂ ሰይድ፣ “ገመቹ እዚያው ከፊት ይቀመጥ።”