ኢዶሳ ዱጉማ በጎባ ከኮምፒዩተር ጋር የተገናኙበት ዜና

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ አብዮቱ በፈነዳ በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ኢዶሳ ወልደ ዱጉማ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈጽመው ሥራ ፈት በሆኑ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የሲናና ስንዴ ለአጨዳ በተቃረበ ጊዜ፣ ይህ የምንጽፈው ታላቅ ነገር በባሌ ምድር ሆነ። ያየነውን በእውነት፣ ያላየነውን በድፍረት እንጽፋለን።

ኢዶሳም የሮቤው ተወላጅ፣ አንገተ ረጅሙ፣ ቃለ ጥቂቱ፣ ከዚህ አስቀድሞ በሦስት መሥሪያ ቤቶች ለቃል ፈተና ቀርበው በሦስቱም ድል የተመቱ ስለሆኑ፣ አባታቸው አቶ ዱጉማ በግቢያቸው መካከል ቆመው እንዲህ የሚል ዐዋጅ አስነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኢልማ ኮ፣ ልጄ ሆይ፣ ሦስት ጊዜ ወድቀህ ሦስቴም አብልቼሃለሁ። አራተኛውን የወደቅህ እንደሆነ ግን ሲናና ሄደህ ከአጎትህ ጋር ስንዴ ከከርከሮ ትጠብቃለህ። አባቴ ይሙት ብያለሁ!» ኢዶሳም ከርከሮን ክፉኛ ይፈሩ ነበር።

በዚያ ወራት በጎባ ካሉት መሥሪያ ቤቶች አንዱ፣ ስሙን ለጤናችን ስንል የተውነው፣ ኮምፒዩተር ተልኮለት «ጀማሪ የፕሮግራም ሠሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ኢዶሳ ኮምፒዩተር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ነገር ግን አንድ የሒሳብ መምህር ሲዛወሩ ትተውት ከሄዱት መጽሐፍ ትእዛዛቱን ሸምድደው፣ የማሽኑን ፊደላት በሳሙና ካርቶን ላይ በከሰል ሥለው፣ ሁለት ክረምት ሙሉ ካርቶን ሲደበድቡ ኖረዋል። ሰፈሩም ለይቶላቸዋል ብሎ አዝኖላቸው ነበር።

ለዘመቻውም በተነሡ ጊዜ እስከ መናኸሪያ የሸኟቸው እነዚህ ናቸው፦ ሸሚዛቸውን አጥባ የተኮሰች እኅታቸው ዲንቄ፤ ጫማውን ያዋሰ ባለቤቷ ገብረ ሚካኤል፤ ምላስ ይፈታል ብላ የደሎ መና ማር በማንኪያ ያቀመሰቻቸው ጎረቤታቸው ዙቤዳ፤ እንዲሁም ማንም ያልጠራው አንድ ቡችላ። ከእነዚህ ሁሉ ልቡ ያልፈራው ቡችላው ብቻ ነበር።

ጎባም በደረሱ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ክፍል በር ላይ «ማሽኑ አቧራ ስለማይወድ ማንኛውም ጓድ ጫማውን አውልቆ ይግባ» የሚል ዐዋጅ ተለጥፎ አገኙ። ወዮ ለዚያ ጫማ! ሁለት ቀን ሙሉ ሲወለወል የሰነበተው የገብረ ሚካኤል ጫማ ደጅ ቀረ፤ ስለ ካልሲው ግን ያሰበ አልነበረምና የኢዶሳ አውራ ጣት በቀዳዳው ወጥቶ ፈታኞቹን ተመለከተ።

ፈታኞቹም ሁለት ነበሩ። አንዱ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ተክለማርያም ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ከገበሬ ጋር የኖሩ፣ ማሽኑን ከመፍራታቸው የተነሣ በዳንቴል ሸፍነው ያኖሩት። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ፣ ዓይኑ ከእጅ ሰዓቱ የማይነቀል ጎልማሳ ነው። የፈተናውም ትእዛዝ ይህ ነበር፦ ማሽኑ የማኅበር ገበሬን ስምና የስንዴውን ኩንታል ጠይቆ ይመዝግብ፤ በገበሬው ፈንታ አቶ ተክለማርያም ተቀምጠው ይመልሱ፤ ሁሉም በዐሥር ደቂቃ ይለቅ።

ከኢዶሳ በፊት የቀረቡ አራት ተፈታኞች የሠሩት ፕሮግራም ገና ሲጀምር «ስም?» እያለ ጠየቀ። አቶ ተክለማርያምም አራት ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ ባለሙያውም አራት ጊዜ በእርሳቸው ፈንታ ሞላ።

አምስተኛው ኢዶሳ ቀረቡ። በካርቶን የሠለጠኑት ጣቶች እንደ በረዶ ወረዱ፤ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነበርና አማርኛውን በእርሱ ጽፈው ሲያበቁ፣ በማሽኑ መስኮት ላይ «እንደምን አደሩ?» የሚል ወጣ። አቶ ተክለማርያም ቀና አሉ። «ተመስገን» ብለው ኢዶሳን አስጻፉ። ማሽኑም ቤተሰብ ደህና እንደሆነ ጠየቀ፤ ቀጥሎ ስለ ልጆች፣ ቀጥሎ ስለ ጎረቤት፣ ቀጥሎ ስለ ከብቱ፤ እርሳቸውም ሁሉን እየመለሱ፣ የታመመችውን የላማቸውን ነገር በዝርዝር ሲያስጽፉ ዐሥሩ ደቂቃ አለቀ። ኢዶሳ ይህን ያደረጉት በብልሃት አልነበረም፤ ሰላም ያላሉትን ሰው ስም መጠየቅ ይቻላል ብሎ የነገራቸው ስላልነበረ እንጂ።

ባለሙያውም ተነሥቶ ዐወጀ፦ «ይታወቅ! ጊዜው አልቋል፤ ይህ ማሽን ግን ገና ከበረት አልወጣም። ተፈታኙ ወድቋል!» ኢዶሳም ፊታቸው ቀላ፤ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቁ በመቅረታቸው የተቆጣ መስሏቸው ነበርና። ከርከሮውም በዓይናቸው ላይ ዞረ።

ያን ጊዜ አቶ ተክለማርያም በካልሲያቸው ቆመው ዐወጁ፦ «ስሙ! ሰላምታ ያልቀደመው ጥያቄ ምርመራ ነው። አራቱ ልጆች መረመሩኝ። እኔ ከፈራሁ ገበሬው ምን ይሁን? ነገ እዚህ ሲቀመጥ መጀመሪያ ስለ ላሙ ይጠየቅ፤ ስንዴውን ራሱ ይነግረናል። ኢዶሳ ዱጉማ ይቀጠር! ዝናቡንም ይጨምርበት!» በዚያ ዘመን ምርመራ የሚለው ቃል ቀልድ አልነበረምና ባለሙያው ክርክሩን ትቶ ተቀመጠ።

በሥራቸውም በሁለተኛው ሳምንት አቶ ዱጉማ ከሮቤ መጥተው በማሽኑ ፊት ተቀመጡ። ማንበብ አያውቁምና ልጃቸው አነበቡላቸው፤ ማሽኑም ልጆች ደህና እንደሆኑ ጠየቀ። የሽማግሌውም ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ እንዲህ ብለው ዐወጁ፦ «ደህና ናቸው። አንዱን ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁትም ነበር ብለህ ጻፍ።»

ኢዶሳም አንዲት ፊደል ሳያስቀሩ ጻፉት። የካርቶኑ አርበኛ፣ የከብት ደኅንነት ጠያቂ፣ ባለ ዐሥር ጣቱ ኢዶሳ ወልደ ዱጉማ፣ ክብራቸው ከባቱ ተራራ ይብለጥ፤ ስማቸውን የሚጠይቅ ሁሉ አስቀድሞ ሰላም ይበላቸው።