ዌልግሮቭ ምሥራቅ በፒዮሪያ ስትሪት

ሐበሻ የትም ሄዶ እድር ቢያቋቁም፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያነሳ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው የመኪናውን ቁልፍ አንስቷል፤ እሱ ገና «አንድ ነጥብ አለኝ» ይላል። በአሜሪካዋ አውሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው እድር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ጋሽ ጳውሎስ ናቸው።

ጋሽ ጳውሎስ ኮሎራዶ የገቡት ለንደን ብዙ ዓመት ኖረው ነው። እዚያ ድምፅ ይሰጡበት የነበረው የፓርላማ ምርጫ ክልል ዌልግሮቭ ምሥራቅ ይባል ነበር። አሁን የለም፤ ወሰን የሚያካልለው ኮሚሽን ለጎረቤት ክልሎች አከፋፍሎታል። ጋሽ ጳውሎስ ግን ይህን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። መጀመሪያ ያሸነፈው የከሰል ነጋዴ፣ ፓርቲውን ከድቶ ወንበሩን ይዞ የቀረው ጠበቃ፣ ደጋፊዎቿ ዝናብ ፈርተው ቤት በመዋላቸው የተሸነፈችው አስተማሪ፣ ሁሉም ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይነሳሉ። ከአውሮራ በስተደቡብ ሴንቴኒያል ከተማ የምትኖረው ነርስ ሠርካዲስ «ክቡር የምክር ቤት አባል» የምትላቸው ለዚህ ነው።

«ክቡርነትዎ፣ ያ ጠበቃ ዛሬም ከወንበሩ አልወረደም?»

«ሳቂ አንቺ! በእኛ በዌልግሮቭ ምሥራቅ ተሸናፊ እንኳ መድረክ ላይ ቆሞ ውጤቱን ይሰማል። እዚህ ግን የተጠቆመው ሰው ‹እኔ ይቅርብኝ› ይላል፣ ይጨበጨባል፣ ተመረጠ!»

መሳቅስ ትስቃለች። ባለፈው ዊንተር ጉንፋን ይዟቸው የቀሩ ዕለት ግን ስብሰባው በጊዜ አለቀና ሠርካዲስ ሳይመሽ ቤቷ ገባች። ልጆቿ ኮሌጅ ከሄዱ ወዲህ እዚያ ቤት ከፍሪጁ በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም። ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። የከሰል ነጋዴው ወሬ አማራት። ለማንም አልተናገረችም።

ዘንድሮ ሊቀመንበሩ ዮናታን እድሩ ለሁለት ይከፈል የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ደቡብ ያሉት ሴንቴኒያል፣ የቀሩት አውሮራ። መንገዱ ራቀን የሚሉ ብዙ ነበሩ። ጋሽ ጳውሎስ ተነሱ።

«የእኛን ክልል ሲከፍሉት መስመሩ በመንገዳችን መሀል አለፈ» አሉ። «ከማዶ ካሉት ጋር የቅስቀሳ ወረቀት አብረን እናድል ነበር። ከዚያ እነሱ ወደ እጩአቸው፣ እኛ ወደ እጩአችን። ማንም አልተጣላም። ብቻ አንዱ የሌላውን በር የሚያንኳኳበት ምክንያት አጣ።»

ድምፁ በምስጢር ይሰጥ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ተቆጠረ። ተሸነፉ። ሄደው የዮናታንን እጅ ጨበጡ። ከዚያ ኮታቸውን አነሱ።

ዮናታን አባላቱን መደልደል ጀመረ።

«እትዬ ሠርካዲስ፣ ሴንቴኒያል።»

«አውሮራ በል።»

«እትዬ፣ አዲሱ አዳራሽ እኮ ቤትሽ አጠገብ ነው!»

«ነዳጅ የምትሞላልኝ አንተ ነህ? ጻፍ።»

ጋሽ ጳውሎስ ኮታቸውን ሊለብሱ አንድ እጃቸውን አስገብተው እንደቆሙ ቀሩ። ሠርካዲስ ሄዳ ሌላውን እጅጌ ያዘችላቸው።

«ይልበሱ እንጂ» አለቻቸው። «እኔ ነኝ የማደርስዎት።»